የደንበኛ አማርኛ

የእህቴ ልጅ ሶስና ጠበቃ ናት። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን አብረን ነው የምንኖረው። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ምስር እየለቀምኩ፣ እሷ በረንዳው ላይ ቆማ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። እሺ ዮኒዬ፣ ሰነዱን ላክልኝ፣ አይቼው እደውልልሃለሁ፣ አታስብ በቃ ትላለች። ጓደኛዋ መስሎኝ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። ስልኩን ስትዘጋ ማን ነው ብላት ለካስ ስንት ፎቅ የሠራ፣ ሌላም የሚሠራ ባለሀብት ኖሯል። ዕድሜውን ብጠይቃት ስድሳን ሳያልፍ አይቀርም አለችኝ። ወይ ጉድ! አባትሽ የሚሆን ሰው «ላክልኝ» ይባላል ወይ ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ሳቀችብኝ። ለካስ ሆቴል ውስጥ ሁለት ቀን ሥልጠና ወስዳለች፤ ጠበቃና ሐኪም፣ የሒሳብ ባለሙያና አርክቴክት ተሰብስቦ ለሀብታም እንዴት አገልግሎት እንደሚሸጥ የሚማርበት። እዚያ እንደነገሯቸው የዘንድሮ ሀብታም አንቱ ሲሉት ያረጀ እየመሰለው ይሸሻል። ቀረብ ብሎ እንደ ጓደኛ ማውራት ነው፣ ፎቶ መለጠፍ ነው፣ አጭር ቪዲዮ መሥራት ነው። ነገሩን ስታስረዳኝ ቆይታ እናንተስ በዚያን ጊዜ፣ ጠበቃ ቢሮ ስትሠሩ፣ ሀብታም ደንበኛ በምን ነበር የምታመጡት አለችኝ። በ«እርስዎ» አልኳት። የቀልድ መስሏት እንደገና ሳቀች። እኔም ምስሬን ይዤ ወደ ማጀቴ ገባሁ። ለሷ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ከመኝታ ቤቴ መስኮት ወደ ታች ሳይ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ ይታየኛል። ቢሯችን እዚያ ነበር። እዚያ ስል በግምት አይደለም፤ የውሃ ታንከሩ ካለበት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ያኔ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ተነስቶ ወደ አብነት የሚወርድ፣ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ የሆነ ጠባብ መንገድ ነበር። አፉ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ታይፓቸውን ዱካ ላይ አድርገው ይውላሉ። ቀጥሎ መስታወቱ ላይ የማናውቃቸውን ሙሽሮች የደረደረ ፎቶ ቤት፣ ከሱ ቀጥሎ ካሴት ቤት። ካሴት ቤቱ ጠዋት ትዝታ ይከፍታል፣ ከሰዓት ቺክቺካ፤ የእጅ ሰዓት ስላልነበረኝ የምሳ ሰዓት መድረሱን የማውቀው ዘፈኑ ሲፈጥን ነው። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ሎሚ ከተጨመረበት ስሙኒ ይጨመራል። ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን የምንሄድባት ውይይት ታክሲም ገና አልጠፋችም። በወር በወሩ በልደታ ቀን መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ይሞላና ጧፍ ሻጮቹ ደጃችን ድረስ ይደርሳሉ። እኔም ትከሻው ላይ ትራስ የተሰፋበት ጃኬት ለብሼ፣ ፀጉሬን ፍሪዝ ተሠርቼ፣ ተረከዙ የሚጮኽ ጫማዬን ከጭቃ እያዳንኩ በዚያ መሀል አልፋለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መልክ አልነበራትም የሚለኝ ካለ ፎቶዬ አለ፣ መጥቶ ይይ።

አቶ ግዛቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠበቃ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጸሐፊው። እዚህ ወረቀት ላይ «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ስንት ዓመት ሙሉ «እሳቸው» ስል ኖሬአለሁ፤ አሁን የሚቀየም ካለ ይቀየም። መጀመሪያ የአንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ነበር፤ ጊዜው ሲለወጥና ሀብት እንደገና በግላጭ መታየት ሲጀምር ለቆ የራሱን ቢሮ ከፈተ። ቢሮ ይባል እንጂ የአንዲት ባልቴት የፊት ክፍል ናት። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ኮርኒሷ አቡጀዲ፣ ነፋስ በገባ ቁጥር አቡጀዲው ሆዱን ይነፋል። ሙሉ ልብሱም አንድ ብቻ ነው፣ ግራጫ። ከሳልባጅ ተራ ገዝቶ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ አጥብቦለታል። ኮቱ ውስጥ የአንድ የማናውቀው ፈረንጅ ስም በክር ተጠልፎበት ነበርና ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን ሰው ፊት አያወልቀውም። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ እያየሁ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ያኔ ጠበቃ ራሱን ማስተዋወቅ ነውር ነው። ሶስና ይህን ብነግራት አታምነኝም። ታፔላችን የአንድ ክንድ ቆርቆሮ ነች፤ ከዚያ ከተለቀ የጠንቋይ ቤት ይመስላል ይል ነበር። ታዲያ ሀብታሙ ይህንን ሰው በምን ይወቀው? ግዛቸው ዘዴውን ሁሉ አስቦበት ነበር። መደርደሪያችን ዳር እስከ ዳር ፋይል ነው፤ ከአንድ አሥሩ በቀር ውስጣቸው አሮጌ ጋዜጣ። ጀርባቸው ላይ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የአባቴን ጓደኞች ስም ስጨርስ የዕድራችንን ሰዎች ጻፍኩ፣ ሳያውቁት ሁሉም ባለጉዳይ ሆኑ። ደንበኛ ሲመጣ ታይፑ መንጫጫት አለበት፤ የሚጻፍ ስለማይኖር አቡነ ዘበሰማያትን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ እግዜር ይቁጠረው። ስልክ ተደውሎ ቀጠሮ ሲጠየቅ ለዛሬ አይባልም። እሱ መጋረጃው ጀርባ ጋዜጣውን ገልጦ ተቀምጦ፣ እኔ ከሐሙስ አራት ሰዓት በቀር ክፍት ጊዜ የላቸውም እላለሁ። ማታለል አይደለም ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኩት። «ሀብታም የሚገዛው ሕግ አይደለም ዘኒ፣ ሕጉማ ለሁሉም አንድ ነው። የሚገዛው እንቅልፍ ነው» አለኝ። ሥራ የፈታ ጠበቃ ደግሞ ማንንም አያስተኛም። ሥራውን ሲያገኝ ግን ከማንም በላይ ይደክምበት ነበር፤ ይህን ልመስክርለት።

ከሁሉም የሚበልጠው ዘዴ የደንበኛ አማርኛ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ባለጉዳይ ደጃችንን ሲረግጥ ዘኒ መባሌ ይቀርና ወይዘሪት ዘነበች እሆናለሁ። ፋይሉን ቢያመጡልን፣ በሩን ቢዘጉልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይለኛል። እኔም ይኸው ጌታዬ ብዬ ጎንበስ እላለሁ። ጸሐፊውን አንቱ የሚል ጠበቃ ቢሮው ትልቅ ነው፤ ጸሐፊዋ እንዲህ በምትከበርበት ቤት ደግሞ ሀብታሙ እሱ ይበልጥ የሚከበር ይመስለዋል። እውነትም ይሠራል፤ ሰዎቹ ገብተው ሲቀመጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰውየው ወጥቶ መኪናው ሲነሳ እስክንሰማ እንጠብቅና ሁለታችንም ሳቃችንን እንለቀዋለን። «አንቺ ልጅ፣ ጌታዬ ስትዪኝ እኮ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር» ይለኛል። ያቺን «አንቺ» ለመስማት ስል ባለጉዳዩ ቶሎ እንዲሄድ የምመኝበት ጊዜ ነበር። ለቢሮው የሚጠቅም ምኞት አልነበረም።

እኔ ግን እሱን ብቻችንን ስንሆንም አንቱ ነበር የምለው፤ ጋሽ ግዛቸው ነው የምለው። ስምንት ዓመት ይበልጠኛል፣ ቀጣሪዬ ነው፣ እናቴም እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ። አንድ ክረምት ፍርድ ቤቱ ተዘግቶ ሰው የሚባል ዝር አይልም። እንጀራና ሽሮዬን በምሳ ዕቃ ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንበላለን። በዚያ ሰሞን ሁለታችን ብቻ ስንሆን አንተ በይኝ አለኝ፣ አንቱታው ይርቀኛል አለ። እሺ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳልለው ከረምኩ። አማርኛ ክፉ ነው፤ አንተና አንቱ ሳይለዩ ሰው የሚያናግሩበት ቀዳዳ አይሰጥም። ሻይ ይምጣ? በሩ ይዘጋ? እያልኩ ግሱን አሾልኬ አመልጣለሁ። አንድ ቀን በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እሱ የኪራዩን ነገር እያሰበ ይሁን ሌላ፣ እንጀራውን ይዞ ፈዞ ቀረ። ሳላስበው «ብላ እንጂ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በላ። ሽሮ እንደዚያ ደስ ብሎት የበላ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ ብቻችንን ስንሆን አንተ እለው ጀመር፤ የሱም አነጋገር ተለወጠ። አንድ ትልቅ ደንበኛ ብናገኝ ከዚች ክፍል እንወጣለን፣ ደህና ቤት እንይዛለን ይል ጀመር። እንወጣለን። እንይዛለን። ወደ ቤቴ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ያችን «እን» እያላመጥኩ ነው የምሄደው። ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ገብቶኛል፤ አፍ አውጥቶ አልነገረኝም፣ ግን ክራቫቱን የማስተካክልለት እኔ ነበርኩ፤ የሱም እጅ ያን ጊዜ የት እንደሚገባ ይጠፋው ነበር። ባዶ እጁን ሽማግሌ የሚልክ ሰው አይደለም፤ ኩሩ ነው። የሚጠብቀው ያንን አንድ ደንበኛ ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፣ እናቴም በየጊዜው የሰው ልጅ ሠርግ እየቆጠረች ትነግረኛለች። ስለዚህ ደንበኛውን ራሴ ላመጣ ቆረጥኩ።

አብነት አንዲት ፀጉር ሠሪ ነበረችኝ። ወይዘሮ ሙሉነሽ የሚባሉ ባለጸጋ በየዓርቡ እሷ ጋ እንደሚመጡ ከሷ ሰማሁ። ሀብት ሲመጣ ሰፈር ቀይረዋል፣ ፀጉር ሠሪ ግን አልቀየሩም። ባላቸው የጭነት መኪኖችና አንድ ሕንፃ ትተውላቸው ሞተው፣ ዓመት ሳይሞላ የባል ወንድሞች ውርሱ ይገባናል ብለው ክስ ሊከፍቱ ነው። ዓርብ ዕለት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩና እሳቸው አጠገብ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገባሁ። ካስክ ውስጥ የገባ ሰው ጆሮው ስለሚደፈን እየጮኸ ነው የሚናገረው፤ እኔ ደግሞ ከዚያም አስበልጬ ጮኽኩ። የማወራው ከፀጉር ሠሪዋ ጋር ነው እንጂ ከሳቸው ጋር አይደለም። አለቃዬ የውርስ ክርክር በዝቶባቸው ፋታ አጡ፣ ትናንት እንኳ አንድ ትልቅ ነጋዴ ለመኑ ለመኑና ተመለሱ፣ በታይፕ ብዛት የኔማ ጣት አለቀ አልኩ። ፀጉር ሠሪዋ ነገሩ ስለገባት ከንፈሯን እየነከሰች አይዞሽ ትለኛለች። ወይዘሮ ሙሉነሽ ካስኩን ከራሳቸው ላይ ገፋ አድርገው ቢሮው የት እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም አለቃዬ ጊዜ እንኳ አይኖራቸውም እያልኩ፣ በግድ እንደማወጣው አድርጌ ነው የነገርኳቸው። የሶስና አሠልጣኞች ይምጡና ይህንን ያስተምሩ።

ደወሉ፣ ሐሙስ ተባሉ፣ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ወርቃቸውን ግን አላወለቁም። ሹፌራቸው ነጭ መኪናቸውን ጠባቡ መንገድ ላይ ሲያቆም ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ዞረው አዩ። በመጀመሪያው ሐሙስ ጉዳያቸውን ዘረዘሩ። በሁለተኛው እሱ ሌት ተቀን ያነበበውን አስረዳቸው፤ በጣም ጥሩ አስረዳቸው፣ ታይፑን መምታት ረስቼ አዳመጥኩ። ሁለቱንም ጊዜ ግን ወይዘሮ ሙሉነሽ ላስብበት ብለው ሄዱ፤ ሌላ ቦታም እየጠየቁ እንደሆነ ገብቶናል። በሦስተኛው ሐሙስ የጥብቅና ውሉን አንብበው ይፈርማሉ ወይም ይቀራሉ። ከእናቴ ቁም ሳጥን ለእንግዳ የሚወጡትን ሲኒዎች ተውሼ፣ ሻዩን ራሴ አፍልቼ አቀረብኩ። እሱ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ጉሮሮው ደርቆ ያስለዋል። ወይዘሮ ሙሉነሽ መነጽራቸውን አድርገው ውሉን አንድ በአንድ ያነባሉ።  እሱ እንደገና ሳለ። እኔም ሆዴ ባባና የት እንዳለሁ ረሳሁት።

«ግዛቸው፣ ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ፣ ጠጣ እንጂ» አልኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሦስታችንም ሰማነው። ወይዘሮ ሙሉነሽ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። «ልጄ፣ ባለቤትህ ነች እንዴ?» አሉት።

በዚያች ቅጽበት ምን ብዬ እንደጸለይኩ አልደብቅም። አዎ በል ብዬ ነው። አዎ ባይል እንኳ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ በል፤ ወይ ሳቅና ዝም በል። ዝምታው ራሱ ይበቃኝ ነበር። እሱ ግን ቀላ፣ ክራቫቱን ነካ፣ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«የለም እትዬ፣ ሠራተኛ ናቸው» አላቸው።

ጸሐፊዬ እንኳ አላለም፣ ሠራተኛ። በዚያ ላይ «ናቸው»፤ አክብሮ ነው ያባረረኝ። ወይዘሮ ሙሉነሽ እንዲያ ነው አሉና መነጽራቸውን መልሰው አድርገው እስክሪብቶ ጠየቁ፣ ፈረሙም። ትልቁ ደንበኛ ተገኘ። እኔ አምጥቼ፣ እኔ ሻይ አቅርቤ። መኪናቸው ሲነሳ ሰማን። ሳቃችንን የምንለቅበት ሰዓት ነው። እሱ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ወይዘሪት ዘነበች፣ ይህንን ፋይል ውስጥ ያስገቡልኝ አለኝ። ሹፌሩ የረሳው ነገር ኖሮት ተመልሶ ይሆን ብዬ በሩን አየሁ። ማንም አልነበረም።

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ጥፋቱ የሱ ነው ይላል። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የምለው። ግን በማግስቱ የሆነውንም ልናገር። ጠዋት ስገባ ቀድሞኝ ገብቷል፣ ይህ ሆኖ አያውቅም። ከሻይ ቤቱ ሁለት ሻይ አዝዞ አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኛል፣ ሎሚ ያለበትን። ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። አሁን ሳስበው ያ ሻይ ይቅርታ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣውን የመጀመሪያ ቃል ከኔ ነበር የሚጠብቀው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ቆሽቴ ሲያርር አድሮ ነበርና እንደምን አደሩ፣ አቶ ግዛቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሼ እንኳ አላልኩትም። እሱም እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ አለኝ። ሻዩን አልነካሁትም፣ እስከ ምሳ ድረስ እዚያው ቀዝቅዞ ዋለ።

እንግዲህ የደንበኛ አማርኛ ደንበኛ በሌለበትም የቢሯችን አማርኛ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ሳምንት ይበቃዋል ብዬ ነበር። ከዚያ ለፋሲካ ብዬ ነበር። ከዚያ ቀኑን መቁጠር ተውኩ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ክርክሩን ረቱ፤ ዝናው በሀብታሞቹ ቤት ከአንዱ ወደ ሌላው ተወራ፤ አስመጪው መጣ፣ ባለሆቴሉ መጣ። ጋዜጣው ከፋይሎቹ ውስጥ ወጥቶ እውነተኛ ጉዳይ ገባባቸው፣ የዕድራችን ሰዎችም በሰላም አረፉ። የባልቴቷን ሁለተኛ ክፍል ጨመርን፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ፋክስ ገባ፣ ኋላም ኮምፒውተር። ግራጫው ልብስ ተጣለ። አዲሱን ኮት ሰው ፊት ያወልቀዋል። እኔ በቢሮው ውስጥ የምከበር ሰው ሆንኩ፣ ደመወዜም ከብዙ ወንድ ይበልጣል፤ የፈለግኩት ይህ ከሆነ አግኝቼዋለሁ። ግን እውነቱን ልናገር ነው የተነሳሁት፤ ከሰዓት ካሴት ቤቱ ዘፈኑን ሲያፈጥን፣ ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ብቻዬን ስቀመጥ፣ መጋረጃው ጀርባ ሲያስል እሰማውና ጠጣ እንጂ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ሆድ ይፍጀው ብዬ እመልሰዋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አንዲት የባንክ ሠራተኛ አገባ። ሰው ደህና ናት ይላል፣ እኔም ክፉ አላየሁባትም። የጥሪ ካርዶቹ ላይ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጽሕፈቴ ቆንጆ ስለሆነ፤ ከተጠሩት ግማሹ ደንበኛ ነው፣ ሠርግም ለጠበቃ ሥራ ነው። በዚያ ሰሞን ወይዘሮ ሙሉነሽ ካርዱን ይዘው መጡ። እሱ ችሎት ነበር። ፊት ለፊቴ ተቀመጡና የሙሽራዋን ስም በጣታቸው እያሳዩ ይህቺ ማን ናት፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ አሉኝ። አይደለሁም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ያኔ ነው የነገሩኝ። «ልጄ፣ ያን ቀን ሳልፈርም ልሄድላችሁ ነበር እኮ። ጌታዬ፣ ወይዘሪት፣ ሁሉ ነገራችሁ የቲያትር መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ሻይህን ጠጣ ስትዪው ነው ልቤ ያረፈው። ሠራተኛ ናቸው ሲለኝማ አፍሮ ነው ብዬ አለፍኩት።» ይህን ብለው እጄን ጨብጠው ሄዱ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ደንበኛዋን ያስፈረመልን ያ ሁሉ ሲሠራ የኖረ አንቱታ አልነበረም፤ እሱ ያፈረባት አንዲት «አንተ» ናት። ለሱ ግን አልነገርኩትም። ሠርጉ በቀረበ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ምን ብዬ አወራለሁ?

ዓመታቱ ሄዱ። ሌላ ቢሮ የሚፈልጉኝ ነበሩ፣ አንድ ሁለት ጊዜም ሽማግሌ መጥቶብኛል፣ አልሄድኩም። ሞኝ ናት የሚለኝ ይበል። አንድ በጋ የሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገበት፣ ሊፈርስ ነው ተባለ። ፎቶ ቤቱ ሙሽሮቹን አንስቶ ሄደ፣ ካሴት ቤቱ ቀድሞም ከስሮ ነበር። ቢሮው ወደ ቦሌ፣ አንድ መስታወት ሕንፃ ውስጥ ሊዛወር ሆነ፤ ደንበኞቹም እዚያ ናቸው። አብረውን ይሂዱ ብሎኝ ነበር፣ አብረውን እንጂ አብረን አላለም፣ እኔም መንገዱ ይርቀኛል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሰው መሀል፣ አይቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት አረፈ። እኔ ግን የምጨርሰው በዚያ አይደለም፣ ቢሮውን ባስረከብንበት ቀን ነው።

ወዛደሮቹ ጠረጴዛውንና መደርደሪያውን ጭነው ሄደው ነበር። ከሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ በባዶው መስኮት ገብታ ምንጣፉ የነበረበትን ቦታ ታሳያለች። ጎረቤቱ ቤት ጣራው ተነስቷል፣ ቆርቆሮ ሲወርድ ይሰማል። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አድርጎታል። እኔ የራሴን ዕቃ፣ ማስመሪያዬን፣ ብርጭቆዬን፣ ቡትቶ ሹራቤን አንድ ሣጥን ውስጥ ከትቼ ወደ በሩ ጀመርኩ። ከኋላዬ ዘኒ ብሎ ጠራኝ። ያን የራሴን ስም ከረሳሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና መጀመሪያ ሌላ ሰው የጠራ መሰለኝ። ዞርኩ።

«ዘኒ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለኝ።

ልጠይቅሽ ነው ያለው። በደንብ ሰምቼዋለሁ። ስንት ዓመት የጠበቅኳት «ሽ» ናት፣ ከዚያ ከነሐሴው በረዶ ጀምሮ የነበረው ሁሉ በልቤ ተነሳ፤ ጠይቀኝ፣ የፈለግከውን ጠይቀኝ ልለው ነው። አፌ ግን የሠለጠነ አፍ ሆኖ ኖሯል፣ ከልቤ ቀድሞ ደረሰ።

«ይጠይቁኝ፣ አቶ ግዛቸው» አልኩት።

 ኮቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ምንም አይደለም» አለኝ። «ሣጥኑ እንዳይከብድዎ።»